ጥቁሯ ጊደር ምን በደለች?

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ መንደር አንድ አዛውንት ገበሬ አስጠርተውኝ ሄድኩ። ቀይ ሐበሻ ላማቸው በሰው ሠራሽ ማዳቀል አርግዛ ሌሊቱን ወልዳለች። በረቱ እንገር እንገር ይሸታል። ጥጃዋ እግሮቿን አንፈራጣ ለመቆም ትታገላለች፤ እናቷ ጀርባዋን ትልሳለች። እርጥቡ ጠጉሯ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳያት ከእምብርቷ ወደ ኋላ፣ ወደፊት ግቷ በሚያድግበት ቦታ ላይ፣ መዳፍ የማትሞላ ነጭ አለችባት። ሌላ ነጭ የለባትም።

«አዳቃዩ አታሎኛል» አሉኝ አዛውንቱ። «የፈረንጅ ኮርማ ነው ብሎኝ ነበር። ፈረንጅ ብትሆን ቡራቡሬ አትወጣም? ይቺ የሰፈር ወይፈን ልጅ ናት።»

«አያ፣ የቀይ ሐበሻ ላምና የሆልስታይን ኮርማ ልጅ እኮ እንዲህ ናት» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፣ እኔ ዓይን አለኝ» አሉኝ። ጥጃዋ ጡት እንደጣለች ሸጧት። የገዛት ለሥጋ የሚያደልብ ነጋዴ ነው።

የእሳቸው ጥርጣሬ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ። ይህንኑ ነገር በአማኑኤልና በደንበጫ፣ በሉማሜና በቢቸና ገበያ ሰምቼዋለሁ። እርሻ ተምረው ከተመረቁ ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። የውጭ ደም ቆዳ ላይ ይነበባል ይላሉ። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ከሆነች ድቅል ናት፤ ነጩ ከበዛ ደሟ ከፍ ያለ ነው፤ ደሟ ከፍ ካለ ወተቷ ብዙ ነው። ጥቁር ወይም ቀይ ወይም ዳልቻ ከሆነች ሐበሻ ናት፣ ወይም «ደሟ የወረደ» ናት። ስለዚህ ደላላው ገዢ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያሳየው የጊደሯን ጎን ነው። ግቷን እንያት የሚል ገዢ ሲመጣ ይደናገጣል።

ክርክራቸውን አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ከባድ የሚያደርገው ነገር አለና። በዓለም ላይ በወተት ብዛት የሚስተካከለው የሌለ ዝርያ ሆልስታይን ፍሪዥያን ነው፤ መልኩም በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ይህ ሐቅ ነው። በማርቆስ ከተማ ወተት የሚሸጡ ሰዎች በረት ብትገቡ ብዙ ከሚታለቡት ላሞች ብዙዎቹ ቡራቡሬ ናቸው። ይህም ሐቅ ነው። የእኛ ገበያ ደግሞ የዘር መዝገብ የለውም፤ ጊደር ስትሸጥ የእናቷ የወተት ልክ፣ የአባቷ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዛ አትቀርብም። ገዢው ምን ይዞ ይፍረድ? ዓይኑን ነው የያዘው። ዓይኑ የሚያየው ደግሞ ቀለም ነው። «ፍጹም ባይሆንም ከምንም ይሻላል» የሚለው ሰው ሞኝ አይደለም። በልጅነቱ አባቱ ከብት በመልክ ሲመርጥ አይቷል፤ ራሱም ስንት ከብት ገዝቷል።

ግን በእርግጥ ከምንም ይሻላል? ምልክት ዋጋ የሚኖረው ደሙ ያላት ላይ ሲታይ፣ የሌላት ላይ ደግሞ ሳይታይ ነው። የቡራቡሬ ምልክት በሁለቱም ወገን ይዋሻል። ደሙ ያላትን ይደብቃል፤ የሌላትን ያወጣል።

ጥቁሯን ጥጃ እንያት። ማንኛዋም ጥጃ የእያንዳንዱን ዘረመል አንድ ቅጂ ከአባቷ፣ አንድ ከእናቷ ትወስዳለች። በከብት ጠጉር ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይወሰናሉ፤ ሰዉ ግን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። አንደኛው ቀለሙ ጥቁር ይሁን ቀይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ገላን ሁሉ ይልበስ ወይስ ነጭ እየጣለ ይሂድ የሚለው ነው። ሆልስታይን የሚያወርሰው ጥቁር ገዥ ነው፤ ከእናት የመጣውን ቀይ ይሸፍነዋል። ቡራቡሬነቱ ግን ተቃራኒ ነው። እርሱ ተሸፋኝ ነው፤ ጎልቶ እንዲወጣ ከአባትም ከእናትም መምጣት አለበት። አንድ ወጥ ቀለም ያላት ሐበሻ ላም ለልጇ የምትሰጣት ወጥነትን ነው፤ ወጥነቱም የአባቱን ቡራቡሬነት ይጋርደዋል። በመጀመሪያው ድቅል ላይ ታዲያ ምን ይወጣል? ጥቁር ጥጃ። ሆዷ ሥር፣ አንዳንዴም ግንባሯ ወይም ጭራዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ያለባት ጥቁር ጥጃ።

ያቺ ጥጃ አባቷን አልካደችም። ጥቁረቷ ራሱ የአባቷ ነው። ቡራቡሬ አለመሆኗ የእናቷ ነው። አዛውንቱ የማታለል ማስረጃ አድርገው የቆጠሩት ነገር የአዳቃዩ ንጽሕና ምስክር ነበር!

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ያቺ ግማሽ ደም ያላት ጥቁር ጊደር አድጋ እንደገና ከሆልስታይን ብትወልድስ? ወጥነትንም ቡራቡሬነትንም በውስጧ ይዛለችና ለልጇ እኩል ዕድል ባለው መንገድ አንዱን ትሰጣለች። አባትየው የሚሰጠው ቡራቡሬነትን ብቻ ነው። ከልጆቿ ግማሽ ያህሉ ቡራቡሬ፣ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ይሆናሉ። ሁሉም ግን በአማካይ 75 ከመቶ የሆልስታይን ደም አላቸው። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ በረት። አንዷ ቡራቡሬ ሌላዋ ጥቁር የሆኑ ሁለት እኅትማማች ጊደሮች አንድ ቀን ገበያ ቢወጡ፣ ደላላው አንዷን «ሰባ አምስት»፣ ሌላዋን «የሰፈር» ብሎ ይጠራቸዋል። ዋጋቸውም እንዲሁ ይራራቃል። የትኛው ደም ነው የተለየው?

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ሁለት ግማሽ ደም ያላቸው ጥቁር ድቅሎች፣ የጎረቤት ወይፈንና የጎረቤት ጊደር፣ ሜዳ ላይ ተገናኝተው ቢወልዱ ከአራት ጥጆች አንዱ ቡራቡሬ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የዚህ ቡራቡሬ ደም በአማካይ 50 ከመቶ ነው፤ ከጥቁር ወንድሞቹ በምንም አይበልጥም። እንግዲህ ገበያ ላይ የቆመችው ቡራቡሬ 50፣ ከጎኗ የቆመችው ጥቁር 75 ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ተፈጥሮ ሁልጊዜ እንዲህ ቀጥ ባለ መስመር አትሄድም፤ ነጩን የሚያሰፉና የሚያጠቡ ሌሎች ዘረመሎችም አሉ። ይህ ግን የቀለም አንባቢዎችን አያድናቸውም። የሚያነቡትን ጽሑፍ ይበልጥ ያደበዝዝባቸዋል እንጂ።

በሌላው ወገን ደግሞ ጣና አለ። ከእኛ ደጋ ወደ ሰሜን፣ በሐይቁ ዙሪያ፣ በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከም፣ ከጥንት ጀምሮ የሚረባ የራሳችን ከብት አለ፤ የፎገራ ከብት። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ወይም ጥቁርና ዳልቻ የተቀላቀለበት ነው። የሆልስታይን ጠብታ ሳይነካው ቡራቡሬ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ ይህን ዝርያ ሲያጠናና ሲያራባ ኖሯል። የፎገራ ላም የተከበረች ላም ናት፤ በወተቷም ከብዙ ሐበሻ ላሞች ትሻላለች፤ እርጥብ መሬትን ትችላለች። ሆልስታይን ግን አይደለችም።

ይህን አጎቴ በገንዘቡ ተምሮታል። ከዓመታት በፊት ጥሩ የምትታለብ ጥቁር ድቅል ነበረችው። «ደሟ የወረደ ነው፣ ቀይራት» አሉት። ሸጣትና በገንዘቡ ላይ ጨምሮ ከአንድ ነጋዴ ጎኗ ካርታ የመሰለ ቡራቡሬ ጊደር ገዛ። «ሰባ አምስት ናት» ነበር የተባለው። አሳደጋት፣ አስጠቃት፣ ጠበቃት፣ ወለደች። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ ትሰጥ ጀመር። በኋላ ከየት እንደመጣች ሲጣራ እናቷ ከጣና ዳር የመጣች የፎገራ ላም ሆና ተገኘች። ጊደሯ ጥፋት የለባትም፤ በዘሯ ልክ ሰጥታለች። አጎቴ ግን የሸጣትን ጥቁር ላም እስከ ዛሬ ድረስ በስሟ እየጠራ ይቆጫል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ሲባል የሰማሁት ያኔ የእውነት ገባኝ።

የወተት ዘር ሁሉም ቡራቡሬ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ኡንራ በተባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት በኩል የወተት ከብቶች ወደ አገራችን ሲገቡ ፍሪዥያን ብቻ አልነበረም የመጣው። ብራውን ስዊስም አብሮ መጥቷል። ብራውን ስዊስ ከወተት ዝርያዎች አንዱ ነው፤ መልኩ ግን ከዳልቻ እስከ ቡና ዓይነት የሚሄድ ወጥ ነው። ጀርሲስ? ትንሽ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ መልኳ አጋዘን የመሰለ፣ ወተቷ ቅቤ የበዛበት። በቅቤ ለሚነግድ የጎጃም ቤት ከጀርሲ ድቅል የተሻለ ምን ይገኛል? የቀለም ሚዛናችን ግን ሁለቱንም «ሐበሻ» ብሎ ይጥላቸዋል። ሆልስታይን ራሱም ሁልጊዜ ጥቁርና ነጭ አይደለም። ቀዩን ቀለም ተሸፍኖ የያዙ ጥቁርና ነጭ አባትና እናት ሲገናኙ ከአራት አንድ ዕድል ቀይና ነጭ ጥጃ ይወለዳል። በአሜሪካ እንዲህ ዓይነቶቹ ንጹሕ ሆልስታይኖች በመልካቸው ምክንያት ለረጅም ዘመን ከዘር መዝገቡ ውጭ ሲደረጉ ኖረው ነው በኋላ ስሕተቱ ታርሞ የተመዘገቡት። በመልክ መፍረድ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እነርሱ ግን ነቅተዋል።

«ቀለሙና ወተቱ አብረው ይወረሳሉ» የሚል መልስ ይሰጠኛል። አብረው የሚወረሱት ከአንድ ኮርማ ስለሚመጡ ነው እንጂ ስለታሰሩ አይደለም። ከብት 30 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። ጥቁርና ቀይን የሚወስነው ዘረመል በ18ኛው ላይ ነው። የቡራቡሬነትን ስፋት ከሚነኩት አንዱ በ22ኛው ላይ ነው። በወተት ስብ ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የታወቀው ደግሞ በ14ኛው ላይ ይገኛል። የወተት ብዛት ራሱ የአንድ ወይም የሁለት ዘረመል ሥራ አይደለም፤ በመላው ክሮሞዞም የተበተኑ እጅግ ብዙ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጡበታል። በየትውልዱ ይህ ሁሉ እንደ ካርታ ይበወዛል። የመጀመሪያው ድቅል ልጅ ስትወልድ የአያቷ ቀለም ወደ አንዷ፣ የአያቷ ወተት ወደ ሌላዋ ሊሄድ ይችላል። ቀለሙን ተከትሎ ወተት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የነጩ አቀማመጥስ? «ግንባሯ ላይ ኮከብ ያላት፣ ወገቧን ነጭ መቀነት የታጠቀች» እያሉ የሚመርጡ አሉ። ይህኛው ደግሞ በዘር ብቻ የማይወሰን ነገር ነው። ሽሉ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ከጀርባው መስመር ተነሥተው በጎኑ በኩል ወደ ታች ይሰደዳሉ። የደረሱበት ይጠቁራል፤ ያልደረሱበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነው ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ በራቀው ቦታ፣ በሆድ፣ በእግር፣ በጭራ ጫፍ፣ በግንባር ላይ የሚታየው። ምን ያህል ነጭ እንደሚኖር ዘር ብዙ ይወስናል፤ የትኛው ነጥብ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን የዚያ ጉዞ አጋጣሚ ነው። አሜሪካኖቹ ፎቶግራፍ ሳይስፋፋ የእያንዳንዷን ሆልስታይን ነጥብ በመዝገቧ ላይ በእጅ ይሥሉት የነበረው ለዚህ ነው፤ እንደ አሻራ አይደገምምና። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ «ሲሲ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ድመት ከሌላ ድመት ሕዋስ ተቀድታ ስትወለድ ዘረመሏ ከምንጯ ጋር አንድ ነበር፤ ጠጉሯ ግን ሌላ ሆነ። ፍጹም አንድ ዘር ሁለት መልክ ካወጣ፣ እኛ ከመልኩ ተነሥተን ዘሩን በመቶኛ ለመጥራት በምን ሥልጣን?

ይህ ጥያቄ ከከብት በጣም ርቆ፣ ባሕር ውስጥ ሳይቀር ተጠይቋል። ክላውንፊሽ የምትባል ብርቱካንማ ዓሣ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» ፊልም ልጆቻችን የሚያውቋት። ገላዋ ላይ ሦስት ነጭ ቀበቶዎች አሏት። በገንዳ ውስጥ ስትራባ ግን ቀበቶዋ የጎደለ፣ የተቆረጠ ወይም የተጣመመ ልጅ ብዙ ጊዜ ይወለዳል። የጌጥ ዓሣ ነጋዴዎች እንዲህ ያለችውን «ልዩ ዘር» ብለው በውድ ይሸጣሉ። አንዳንዷ በእርግጥ ከዘሯ ነው። አንዳንዷ ግን በጫጩትነቷ በተያዘችበት አያያዝ ነው፤ ያ ከሆነ ቀበቶ ማጣቷን ለልጆቿ አታወርስም። ሳይንቲስቶች በፓፑዋ ኒው ጊኒ የዱር ክላውንፊሾችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ቀበቶዎቹ የሚወጡበት ፍጥነት ዓሣዋ በምትኖርበት የባሕር አበባ መሰል እንስሳ ዓይነት እንደሚለያይ፣ ጉዳዩም ከታይሮይድ ሆርሞን ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። አንድ ዓይነት ዓሣ፣ ማደሪያዋ ስለተለየ ብቻ የመስመሯ ሰዓት ተለየ። ገዢው ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ይህ ከዘር ነው፣ ይህ ከአያያዝ ነው ብሎ መለየት አይችልም። የኛ ገዢ በበረት በር ላይ ቆሞ የሚችለው ለምንድን ነው?

ከአብነት ትምህርት ቤት የወጡ ወዳጆቼ ደግሞ ያዕቆብን ይጠቅሱልኛል። ጎጃም ውስጥ ሆኜ ይህን ክርክር ዘልዬ ላልፍ አልችልም፤ ላቃልለውም አልፈልግም። ያዕቆብ የላባን በጎች ሲጠብቅ የተላጡ በትሮች በውኃ ገንዳው ላይ አቆመ፤ መንጋውም ዥጉርጉር ወለደ። «ስለዚህ እናት ያየችው በልጇ ላይ ይወጣል» ይሉኛል። ግን ታሪኩ ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ላይ አያልቅም። በምዕራፍ 31 ያዕቆብ ለሚስቶቹ ሕልሙን ሲነግራቸው በሕልሙ ያየው በመንጋው ላይ የሚንጠላጠሉት አውራዎች ራሳቸው ዥጉርጉርና ነቁጣ ያለባቸው መሆናቸውን ነው። መልሱ በአባት በኩል ነበር። ደግሞም በትሩን ያቆመው ለመንጋው ሁሉ አልነበረም፤ ብርቱዎቹ በሚጠቁበት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ደካሞቹን ለላባን ተወ። ያዕቆብ ባለጠጋ የሆነው ብርቱውን ከደካማው ለይቶ በማርባቱ ነው። እኛ ቀለሙን ወስደን ብርታቱን ለላባን ተውነው።

ቀለም ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው ቀይ ቢመርጥ፣ ዶሮ የምትገዛ እናት ገብስማ ብትፈልግ ምርጫቸው ነው፤ የሚገዙት መልኩንም ጭምር ነው። በጣም ሞቃት በሆነ፣ ጥላ በሌለው አገር ነጭ ጠጉር ፀሐይን በመመለስ ላሟን በጥቂቱ ያግዛታል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ላም የሚያስቸግራት ሙቀት አይደለም። እንዲያውም ቀለም የሌለው ቆዳ ለጠንካራ ፀሐይ ደካማ ነው፤ አንዳንድ አረም በልታ ቆዳዋ ለብርሃን የታመመች ላም የሚላጥባት ነጩ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ ይተርፋል።

አሁን ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ፤ «ቀለሙን ካስጣልከን ምን ትሰጠናለህ?» ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል።

ግቷን እዩ። ዕጥፍጥፍ ለስላሳ ነው ወይስ ሥጋ የሞላው? ከሆዷ ጋር ሰፊ ሆኖ ተያይዟል ወይስ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል? አራቱ ጡቶች እኩል ተራርቀዋል? ከግቷ ተነሥቶ በሆዷ ሥር ወደ ፊት የሚሄደውን የወተት ደም ሥር በጣታችሁ ዳስሱት፤ በምትታለብ ላም ላይ ወፍራምና ጠመዝማዛ ከሆነ ብዙ ደም በግቷ በኩል እያለፈ ነው። የጎድን አጥንቷ ስፋት፣ የሆዷ ጥልቀት ብዙ መኖ ማስገባት መቻሏን ይነግራል። ሻጩን እናቷ ስንት ትታለብ እንደነበር ጠይቁት፤ ከተቻለ እናቷን ሲያልቡ ቆማችሁ እዩ። አዳቃዩ በመጣበት ቀን የኮርማውን ቁጥርና ቀኑን በወረቀት አስጽፉ፤ ወረቀቱን ከጥጃዋ ጋር አሳድጉት፤ ስትሸጥም አብሮ ይሸጥ። ደብተር መያዝ የማትችል እናት ብትኖር ልጇ ትችላለች፤ ጠዋትና ማታ የታለበውን በጣሳ ቆጥሮ መጻፍ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ይህ ደብተር ከሰባት ትውልድ የቀለም ዕውቀት የበለጠ ይናገራል።

ከደሙም በላይ ደግሞ ገበታዋ አለ። የአገራችን ሐበሻ ላም በአማካይ በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ነው የምትሰጠው፤ ይህ ግን የዘሯ ብቻ ሳይሆን የገለባው፣ የጥማቱ፣ የመዥገሩም ልክ ነው። 75 ከመቶ ደም ያላትን ላም የጤፍ ጭድ ብቻ እያበላ ወተት የሚጠብቅ ሰው ላሟን እያስራባት ነው። ግማሽ ደም ያላት ላም ከሁለቱም ወገን ያገኘችው ጥንካሬ አላት፤ በገበሬ አያያዝ ብዙ ጊዜ የምትጸናው እርሷ ናት። እርሷ ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ከሐበሻ እናት የተወለደች እንደሆነ በአብዛኛው ጥቁር ናት! ሰዉ ከገበያ እያባረራት ያለው ለጓሮው ከሁሉ የምትስማማውን ነው። የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የጠላ አተላ በሚገኝበት አገር ጥቁሯን ግማሽ ድቅል አስቀምጦ ነጭ ለበዛባት መበደር ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ስለ አዳቃዮቹም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሞተር ብስክሌት ጭቃ እየተሻገሩ፣ ላም ኮርማ በፈለገችባት በዚያች ጠባብ ሰዓት ለመድረስ የሚሯሯጡ ልጆች ናቸው። የሚያጠፋ ከመካከላቸው አይኖርም አልልም። ግን ሥራው በትክክል ሲሠራ የሚወጣውን ጥጃ እያየን ሌባ የምንላቸው ከሆነ፣ የሚያጠፋውን በምን እንለየዋለን? ባለሙያዎቹም ዝምታቸውን ሊተዉ ይገባል። ላሟን ባዳቀሉ ዕለት «ጥጃዋ ጥቁር ሆና ልትወለድ ትችላለች፣ አትደንግጡ» ብሎ መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለገበሬው ሳይነገር በመቅረቱ የስንት ዓመት ልፋት ወደ ቄራ እንደሄደ አስቡት፤ ለማዳቀል የተከፈለው ገንዘብ፣ ዘጠኝ ወር እርግዝና፣ ጥጃዋ የጠባችው ወተት፣ ከእርሷ በኋላ ሊመጣ የነበረው ትውልድ ሁሉ።

የአዛውንቱ ጥቁር ጥጃ ግማሽ ሆልስታይን ነበረች። ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ የማዳቀሉን ወረቀት አይቻለሁ፣ ቀኑም ከተወለደችበት ቀን ጋር ይገጥማል። ዛሬ ብትኖር ሦስት ዓመት ሞልቷት የመጀመሪያ ወተቷን ትሰጥ ነበር።

ቀይዋ ላም አሁንም አለች። ዘንድሮም ከሆልስታይን ኮርማ ተዳቅላለች፤ ለመውለድ ሁለት ወር ገደማ ቀርቷታል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አዛውንቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «አያ፣ ጥጃዋ ጥቁር ሆና ትወለዳለች፤ ሆዷ ሥር ትንሽ ነጭ ይኖርባታል። አሁን ሳትወለድ ነው የምነግርዎ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ሴት ከሆነች እንዳይሸጧት፣ ስም እንዲያወጡላትም ለመንኳቸው። «እስቲ ትወለድ» አሉኝ።